የከሰሉ ዋጋና የመብራቱ ዋጋ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ አዲስ ቅዳም የሚደርስ መንገደኛ ሁለት ዓይነት ኃይል ጎን ለጎን ያያል። መንገድ ዳር የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል፤ ከበላዩ የመብራት ሽቦ ተዘርግቷል። ከሰል የሚሆነው ዛፍ እየተተካ ይበቅላል፣ መብራት የሚያመነጨው ውሃም ክረምት በመጣ ቁጥር ይሞላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ታዳሽ ናቸው። የሚለያዩት ዋጋቸውን በሚቆርጠውና ኪሳራቸውን በሚሸከመው ነው።

አዲስ ቅዳም በምትገኝበት በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ የአውስትራሊያ ዝርያ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያለማል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ያከስላል። ክምሩ ሣርና አፈር ይለብሳል፤ ሲከስል ቀን ከሌት ይጠበቃል። አፈሩ ከተሰነጠቀ አየር ይገባና የዓመታት ልፋት አመድ ይሆናል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ዋጋውን ገበያ ይቆርጣል፤ ኪሳራው ደግሞ የገበሬው ነው። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ዛፉን ሲያደርቀውም ጉዳቱ በገበሬው ላይ ወድቋል።

መብራቱ ግን የመንግሥት ሥራ ነው። ከጣና ሐይቅ በዋሻ ውሃ የሚቀበለው የበለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነበር። ከአዊ ጎረቤት መተከል ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከአገሪቱ መብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። ግድብ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ወጪው አስቀድሞ ይወጣል። ተርባይኑ በዶላር ይገዛል፤ ደንበኛው የሚከፍለው በብር ነው።

የመብራቱ ችግር ከታሪፉ ይጀምራል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ያልተነካው ታሪፍ እስከ 2011 ዓ.ም. ቆየ፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት እያንዳንዱ በ27 ሳንቲም ገደማ ይሸጥ ነበር። ለድሃ ቤት እፎይታ ነበር። ነገር ግን በዚህ ገቢ ዕዳ መክፈል፣ ያረጀ ምሰሶ መቀየርና ትራንስፎርመር መጨመር ይከብድ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የመንግሥቱ የመብራት ተቋም አመንጪና አከፋፋይ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ፤ የታሪፉ ጥያቄ ግን እንዳለ ቀረ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት ከፍ እንዲል ተወስኗል።

የግል ባለሀብትም መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ሒሳብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የሳዑዲው አክዋ ፓወር ጋድና ዲቼቶ በተባሉ ቦታዎች ከፀሐይ 250 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ሲዋዋል ኪሎ ዋት ሰዓቱን በ2.5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ አቅርቦ ነበር። ስምምነቱ ወደ ግንባታ አልተሻገረም። ፀሐይ ሞልቷል፤ አበዳሪ ግን ብሩ ዶላር ሆኖ እንደሚመለስለት ዋስትና ይፈልጋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ዕቅድ በ2017 ዓ.ም. ሁሉም ቤት መብራት እንዲያገኝ፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ ለማዳረስ ነበር። ዛሬም ያልደረሰው ቤት ብዙ ነው።

የደረሰውም ቤት ቢሆን ምጣዱ በመብራት ግሎ ሊጥ ሲፈስበት መብራት ከሄደ፣ እንጀራው ይቆይና እመቤቲቱ ወጧን በከሰል ትሠራለች። ያን ዕለት የኃይል ወጪዋ የሚለካው ቆጣሪው ላይ ባለው ሳንቲም ሳይሆን ከአዲስ ቅዳም በመጣው ማዳበሪያ ዋጋ ነው።