ጮማና የምራቅ ዕጢ

በረጅም ጉዞ ላይ ያለ ወታደር፣ አፉ ደርቆ ኮቾሮ ሲውጥ የምራቅን ዋጋ እንደሚገነዘብ እኛ ልንነግረው አያሻም። ምራቅ ጉርሻን ከማለስለሱም በላይ የእንጀራውን ስታርች መፍጨት ይጀምራል፤ ጥርስንም ከአሲድ ይጠብቃል። ከጆሮ፣ ከመንጋጋና ከምላስ ሥር ያሉት ሦስት ጥንድ ዕጢዎች አብዛኛውን ያመነጩታል፤ መጠኑም በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይደርሳል።

ሆኖም እነዚህን ዕጢዎች የሚያውካቸው የውሃ ጥም ብቻ አይደለም። ጮማና ስኳር ሲበዛ ስብ የሚከማቸው በቦርጭ ብቻ ሳይሆን በዕጢዎቹም ውስጥ ነው። ከጆሮ ሥር ያለው ዕጢ ያለ ሕመም ሊያብጥ ይችላል። ከመጠን በላይ በወፈሩ ወጣቶች ላይ የተደረጉ አንዳንድ ምርመራዎችም ምራቃቸው ማነሱን፣ ጥርሳቸውም ለመበስበስ መጋለጡን አሳይተዋል።

በምግብ ማጣፈጫዎች ላይ ግን ለመፍረድ አንቸኩልም። ጃፓናዊው ሊቅ ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ጣዕም ሰጪነቱን ያወቀለት ግሉታሜት፣ በ1969 አሜሪካዊው ጆን ኦልኒ አዲስ በተወለዱ አይጦች ቆዳ ሥር ሲወጋው አንጎላቸውን ጎድቶ አወፍሯቸዋል። ይህ የሆነው ግን በመርፌ ነው፤ ወጥ ውስጥ ጣል ከሚደረገው ቁንጥር ጋር አይነጻጸርም። እኛስ ይበልጥ የምንሠጋው ከምሳ በኋላ ለሚደገመው የለስላሳ ጠርሙስ ነው።