ጸጋዬ ገብረ መድኅን፦ መድረክን የፊደል ገበታ ያደረገ ሰው

የግድግዳ ጋዜጣችን በዛሬው ዕትሙ ስለ አንድ ጸሐፌ ተውኔትና አዘጋጅ ያስረዳል። «የቲያትር ሰው ለመምህር ምኑ ነው?» የሚል ሠልጣኝ አይጠፋም። እስቲ ነገሩን ከሥር እንየው።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. አምቦ አካባቢ ቦዳ በተባለች መንደር ተወለደ። ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ አደገ፤ ግዕዝም ተማረ። ገና የአምቦ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስ ተውኔት ጽፎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታየለት። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ይህ ሁሉ ነገር የተጀመረው በትምህርት ቤት ቲያትር ነው።

ኋላ አዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ከሚገኘው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ልቡ ግን መድረክ ላይ ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ ሄዶ በለንደን ሮያል ኮርት፣ በፓሪስ ደግሞ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የቲያትርን ሥራ አጠና። ሲመለስ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለውን ቤት በኃላፊነት መራ። የሼክስፒርን «ሐምሌት»፣ «ኦቴሎ» እና «ማክቤዝ» ወደ አማርኛ መለሰ። በ1966 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ29 ዓመቱ፣ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ።

አርእስቶቹ ምን ይላሉ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ ጸጋዬ ካቀረባቸው ተውኔቶች ሦስቱን በተራ እንጥራ፦ «ሀሁ በስድስት ወር»፣ «አቡጊዳ ቀይሶ»፣ «መልእክተ ወዛደር»። ይህ ቅደም ተከተል ለቄስ ትምህርት ቤት ልጅ እንግዳ አይደለም። ልጁ መጀመሪያ ሀሁን ይቆጥራል። ቀጥሎ አቡጊዳ ይገባል፤ አቡጊዳ ማለት ፊደሉ ቦታውን ለውጦ፣ ልጁ በቃሉ ሸምድዶ ነው ወይስ በእርግጥ ለይቶ የሚታወቅበት ነው። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ ወደ ዳዊትም ይሻገራል። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ «ሀሁ ወይም ፐፑ» መጣ። ፐ የፊደል ገበታው መጨረሻ ነው። እንግዲህ አርእስቱ አገሪቱን «ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ ወይስ እዚሁ ታበቂያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል።

ምን አለፋችሁ፣ አርእስቶቹ ሕዝቡን ሁሉ ተማሪ አድርገው ያስቀምጡታል። ዘመናት የተከለከለውን ትምህርት አንድ ሕዝብ በስድስት ወር ይጨርሰዋል ወይ? ይህ የፖለቲካ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የመምህር ጥያቄም ነው።

ለምን በመድረክ?

መጽሐፍ ለሚያነብ ነው፤ ቲያትር ግን ጆሮና ዓይን ላለው ሁሉ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚታየው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ነበር። ባላገሩ ዘንድ የሚደርሰው ድምፅ የሰው ድምፅ ነበር። ቴሌቪዥን የተዋናዩን ፊት አቅርቦ ያሳያል፤ መድረክ ግን ተመልካቹን ራሱን እርስ በርሱ ያገናኛል። አንዱ ሲስቅ ሌላው ይሰማዋል፤ አንዱ ሲያዝን ሌላው ያየዋል። ኃይሉ እዚያ ላይ ነው፤ የሚያስፈራውም ለዚሁ ነው። በንጉሡም በደርግም ዘመን የጸጋዬ ተውኔቶች ታግደዋል። እሱ ግን ብዕሩን አልጣለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል በ1971 ዓ.ም. ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። በኩላሊት ሕመም ሲታከም ቆይቶ፣ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ አረፈ፤ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ለእኛስ?

ነገ ከመካከላችን አንዱ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ይመደብ ይሆናል። ባዶ አገር እንዳይመስለው! አርዲቦ ውኃውን ወደ ታች ወደ ሐይቅ ያፈሳል፤ እዚያ ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። በቁርዓን ቤትም ልጁ የሚጀምረው ከአሊፍ ነው። መንዙማው አለ፤ በአገሩ ስም የሚጠራው የአምባሰል ቅኝትም አለ። የመድረክ ዕቃው ሁሉ እዚያው ነው፤ የጎደለው አዘጋጅ ብቻ ነው።

ታዲያ በጸጋዬ መንገድ እንዲህ ይሠራል። በመጀመሪያ ሀሁ፦ ሕዝቡ የሚያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ ዳገቱ ሲራቆት ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ደለል፣ እንዳለ አሳዩ። ቀጥሎ አቡጊዳ፦ ነገሩን ገልብጡት። ዛፉን የቆረጠው ሰው ዓሣ አጥማጁን ሆኖ ይጫወት፤ አባት ልጁን ይሁን። በመጨረሻ መልእክት፦ መልሱን እናንተ አትናገሩ። ተመልካቹ ራሱ አንብቦ ይናገር።

ተማሪውን እያስሸመደዱ ማሳለፍማ ቀላል ነው። የሸመደደው ግን አቡጊዳ ላይ ይያዛል። በሰሌዳ ያልተማረ ወላጅ በመድረክ ይማራል፤ ጸጋዬ ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ነው። እኛም ከምደባችን በፊት የቲያትር ክበባችንን እናጠናክር!