ጎልፍ የጨዋዎች ጨዋታ ነው ይባላል፤ የየትኞቹ ጨዋዎች?

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)

በሴፕቴምበር 2025 ኒውዮርክ ግዛት፣ ቤዝፔጅ ብላክ በሚባለው ሜዳ አውሮፓና አሜሪካ ለራይደር ካፕ ሲገናኙ የተቀረጹትን ቪዲዮዎች ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ ሳታዩ አልቀራችሁም። የሰሜን አየርላንዱ ሮሪ ማክኤልሮይ ኳሱን ሊመታ በቆመ ቁጥር ከተመልካቹ ስድብ ይወርድበት ነበር። ሚስቱ ላይ መጠጥ ተወርውሮባታል። ተመልካቹን እንድታሟሙቅ ማይክ የተሰጣት ኮሜዲያንም ስድቡን አብራ ስታስተጋባ ተቀርጻ ሥራውን ለቃለች። ማክኤልሮይም አልቻለም፤ አንዴ ዞር ብሎ እሱም በስድብ "ዝም በሉ" አላቸውና ኳሱን ቀዳዳው አጠገብ አሳረፈው። አውሮፓ 15 ለ 13 አሸነፈች። እዛ የጮኸው ሰው ለአንድ ቀን መግቢያ 750 ዶላር ገደማ የከፈለ ነው።

እንግዲህ ይሄ ነው "የጨዋዎች ጨዋታ" የሚባለው?

ስሙ ከሜዳ ላይ ወሬ ብቻ የመጣ አይደለም። እግር ኳስ ላይ ዳኛው ከኳሷ ጋር ይሮጣል። ጎልፍ ላይ ግን በአንድ ትልቅ ውድድር 150 ገደማ ተጫዋቾች በ18 ቀዳዳዎች ላይ ተበትነው፣ ዛፍና ቁጥቋጦ መሀል ኪሎ ሜትሮችን እየተጓዙ ነው የሚጫወቱት። ለእያንዳንዱ ዳኛ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ዳኛው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ኳሱ ሳይመታው በእሱ ምክንያት ቢንቀሳቀስ፣ ማንም ባያየውም፣ "ቅጣት አለብኝ" ብሎ መናገር ያለበት እሱ ነው።

በ1925 የአሜሪካ ኦፕን ላይ ቦቢ ጆንስ ያደረገው ይሄንኑ ነው። ሣር ውስጥ የወደቀ ኳሱን ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሱ ትንሽ ተነቃነቀ። ከእሱ በቀር ያየ የለም። አዘጋጆቹ ጠይቀው ማስረጃ ስላላገኙ ውሳኔውን ለራሱ ተዉለት፤ እሱ ግን አንድ ምት ይጨመርብኝ አለ። በመጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆኖ በመለያው ጨዋታ ተሸነፈ። ያቺን አንዲት ምት ዝም ብሏት ቢሆን ኖሮ ዋንጫው የእሱ ነበር። ሰዎች ሲያመሰግኑት፣ ባንክ ስላልዘረፍኩ ታመሰግኑኛላችሁ ወይ የሚል መልስ ሰጠ ይባላል።

በ2008 ደግሞ ጄ.ፒ. ሄይስ የሚባል አሜሪካዊ ለቀጣዩ ዓመት ወደ ትልቁ ውድድር የሚያሳልፈውን ማጣሪያ እየተጫወተ ነበር። ሆቴሉ ከገባ በኋላ፣ ሜዳ ላይ የተጠቀመበት አንድ ኳስ ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ላይኖር እንደሚችል ትዝ አለው። ማንም የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ስልክ አንስቶ ለአዘጋጆቹ ራሱ ተናገረ፤ ከማጣሪያው ተሰረዘ።

ይሄ እውነተኛ ታማኝነት ነው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ግን ጎልፈኞች ከሌላው ሰው የተለዩ መላእክት ስለሆኑ የመጣ አይደለም። ጨዋታው ያለ እምነት መቆም ስለማይችል ነው። ሕጉም ለየዋህ አይራራም። አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንዞ በ1968 ማስተርስ ላይ፣ በ45ኛ ዓመት ልደቱ ቀን፣ በ17ኛው ቀዳዳ 3 ምት ተጫውቶ አብሮት የነበረው ተጫዋች ካርዱ ላይ 4 ብሎ ጻፈበት። ሳያስተውል ፈረመ። ስንት ሰው በቴሌቪዥን 3 መሆኑን አይቷል፤ ሕጉ ግን የፈረምከው ነው አለ። በአንድ ምት ልዩነት ተሸነፈ። የወቀሰው ራሱን ብቻ ነው።

ማጭበርበርስ የለም? አለ። በ2019 ባሃማስ ላይ ፓትሪክ ሪድ አሸዋ ውስጥ ከገባው ኳሱ ጀርባ ያለውን አሸዋ በዱላው ሁለቴ ጠረግ ጠረግ ሲያደርግ ካሜራ ያዘው፤ ሁለት ምት ተቀጣ። እሱ የካሜራው አቅጣጫ ነው ብሎ ተከራክሯል። ካሜራ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በ2017 ሌክሲ ቶምፕሰን አንድ ትልቅ ውድድር እየመራች ሳለ፣ ከአንድ ቀን በፊት ኳሷን ከነበረበት በጣም ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ እንዳስቀመጠች ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየ ተመልካች በኢሜይል አሳበቀባት። ሁለት ምት ለኳሱ፣ ሁለት ምት የተሳሳተ ካርድ ስለፈረመች፣ በድምሩ አራት! በመለያ ጨዋታ ተሸነፈች። ከ2018 ጀምሮ የተመልካች ጥቆማ መቀበል ቀረ። ይገባል፤ ስልክ የያዘ ሁሉ ዳኛ ከሆነ መጫወት አይቻልም።

እስካሁን ያወራነው ግን ሜዳው ውስጥ ስለገቡት ብቻ ነው። ነገሩ የሚከብደው በሩ ላይ ነው።

"ጀንትልማን" የሚለው ቃል ዱሮ ጸባየ ጥሩ ማለት ብቻ አልነበረም፤ ከደህና ቤተሰብ የተወለደ ማለትም ነበር። የእኛም "ጨዋ" እንደዛው ነው። "የጨዋ ልጅ" ሲባል ስለ ልጁ አመል ብቻ ሳይሆን ስለ አባቱ ደጅም ነው የሚወራው። በ1744 ስኮትላንድ ውስጥ የታወቁትን የመጀመሪያዎቹን 13 የጎልፍ ሕጎች የጻፉት "የሌይዝ ጀንትልማን ጎልፈሮች" ይባሉ ነበር። ያ ክለብ ዛሬም አለ፤ ሜዳው ሙርፊልድ ይባላል። በ2016 ሴቶች አባል ይሁኑ ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ የሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ አልሞላም። ከተቃዋሚዎቹ ስጋቶች መሀል ጨዋታው ይዘገያል፣ የምሳ ሥርዓታችን ይናጋል የሚሉ ነበሩበት። (ምሳ!) የብሪቲሽ ኦፕንን የማስተናገድ ዕድል ሲነሳቸው በ2017 ሐሳባቸውን ቀየሩ።

አሜሪካ ውስጥ የባሰ ነበር። የፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር ከ1934 እስከ 1961 ድረስ አባልነት ለነጮች ብቻ ነው የሚል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ነበረው። ማስተርስ የሚካሄድበት ኦገስታ ናሽናል ክለብ ደግሞ እስከ 1983 ድረስ ተጫዋቾች የግድ የክለቡን ዱላ ተሸካሚዎች እንዲጠቀሙ ያደርግ ነበር። እነሱም ሁሉም ማለት ይቻላል ጥቁሮች ነበሩ። በዛው ክለብ የመጀመሪያው ጥቁር አባል የገባው በ1990፣ ሴቶች በ2012 ነው። ሜዳው ላይ ዝም በል፣ የሰው ኳስ የሚሄድበትን መስመር አትርገጥ፣ የረገጥከውን አሸዋ አስተካክል የሚሉ ሰዎች ናቸው ይሄን ሁሉ ዓመት በሩን የዘጉት።

ስለዚህ ለእኔ ቤዝፔጅ የጎልፍ ትልቁ ነውር አይደለም። ጩኸቱ አዲስ ነው እንጂ።

ቻርሊ ሲፎርድን ላስተዋውቃችሁ። ኖርዝ ካሮላይና ተወልዶ በልጅነቱ የነጮችን ዱላ እየተሸከመ ነው ጎልፍ የለመደው። በ1952 ፊኒክስ ላይ ጥቁሮች እንዲሞክሩ ሲፈቀድ፣ የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ደርሶ ባንዲራውን ሲያነሱ ውስጡ በሰው ዓይነ ምድር ተሞልቶ አገኙት። እስኪጸዳ ጠብቀው መጫወት ቀጠሉ። አንቀጹ ሲሰረዝ ሲፎርድ ወደ 40 ዓመቱ ተጠግቶ ነበር። ያም ሆኖ በ1967 ሃርትፎርድ ላይ፣ በ1969 ሎስ አንጀለስ ላይ አሸነፈ። ማስተርስ ግን በሁለቱም ጊዜ አልጠራውም። የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሊ ኤልደር እዛ የተጫወተው በ1975 ነው።

በ2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሲፎርድ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳልያ አጠለቁለት። ታይገር ዉድስ ልጁን ቻርሊ ያለው በእሱ ስም ነው። ሲፎርድ በ2015 በ92 ዓመቱ ሞተ፤ ማስተርስ ላይ አንድም ኳስ ሳይመታ።