ከ5 ሺህ በላይ ተማሪ፣ አንድ ትርኢት፦ እንዴት ይቻላል?

አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ውስጥ «ስኩልስ ስፔክታኩላር» የሚባል ዓመታዊ የተማሪዎች ትርኢት አለ። የተጀመረው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ዘፋኙም፣ ዳንሰኛውም፣ ኦርኬስትራውም ተማሪ ነው፤ ያውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ! በ2016 እ.ኤ.አ. 5,322 ሆነው በተሳታፊ ብዛት የጊነስ ክብረ ወሰን ይዘዋል።

ይሄ ሁሉ ልጅ እንዴት ነው የሚቀናጀው? በኅብረት የሚዘፍኑት ዘፈኖቹን አስቀድመው በየትምህርት ቤታቸው ያጠናሉ፤ ከዚያ ተሰባስበው አብረው ይለማመዳሉ። ለብቻው የሚዘፍን ግን ተወዳድሮ ነው የሚመረጠው።

እኛን የገረመን ብዛቱ ብቻ አይደለም። ጎበዝ ዘፋኝ ያልሆነ ልጅም በኅብረት ውስጥ ቦታ አለው። ከገጠር የመጣውም ከከተማው ልጅ ጎን ይቆማል።

እስቲ ንገሩን፦ እናንተ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ሲደርስ መድረኩ የሁሉም ነበር ወይስ ሁሌ የእነዚያው 3 ልጆች?