የእሑድ መጠጥ፦ ውሳኔው የከተማው፣ መዘዙ የጎረቤትም

በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት የእሑድ የመጠጥ ሽያጭ ለዓመታት ሲያከራክር፣ «እገዳው ባለበት ይቆይ» ያሉት የሃይማኖት ድርጅቶች ብቻ አልነበሩም። ብዙ የሊከር ስቶር (የመጠጥ መደብር) ባለቤቶችም አብረዋቸው ቆመዋል። ነጋዴ ዕቃውን እንዳይሸጥ ለሚከለክል ሕግ ጥብቅና ሲቆም መስማት ግራ ያጋባል። የሱቁን ደብተር ገልጦ ላየ ግን ምክንያቱ ወለል ብሎ ይታያል። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ በአትላንታና በዙሪያዋ በነዳጅ ማደያ ሱቅና በሊከር ስቶር ንግድ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። እሑድ መሸጥ መቻላቸውን የሚወስነው ደግሞ ዋሽንግተን ሳይሆን ሱቁ ያለበት ከተማ ወይም ካውንቲ ነው።

ሥልጣኑ ወደዚያ የወረደው በአንድ ጊዜ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 ድረስ የሚያሰክር መጠጥ ማምረትንና መሸጥን በመላ አገሪቱ ከልክላ ነበር። እገዳውን ያነሣው 21ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመጠጥ ንግድን የመቆጣጠር ሰፊ ሥልጣን ለግዛቶች ሰጠ። ብዙ ግዛቶች በበኩላቸው «መጠጥ ይሸጥ፣ አይሸጥ፤ ከተሸጠስ በየትኛው ቀን» የሚለውን ለአካባቢ መራጮች አስተላለፉት። የእሑድ ክልከላ መነሻው ሃይማኖታዊ መሆኑን የሚክድ የለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1961 ከሜሪላንድ በቀረበለት ጉዳይ ላይ፣ የእሑድ መዝጊያ ሕጎች ዛሬ የሚያገለግሉት ለሁሉም የጋራ የዕረፍት ቀን ለመስጠት ስለሆነ ሕገ መንግሥቱን አይጥሱም ሲል ፈረደ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ወደ ምክር ቤቶችና ወደ ምርጫ ጣቢያዎች ገባ።

እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ ቢራና ወይን ጠጅ ሳይቀር እሑድ ከሱቅ እንዳይሸጥ የሚከለክሉ ግዛቶች ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ጆርጂያ፣ ኮነቲከትና ኢንዲያና። በጆርጂያ ሬስቶራንት ገብቶ እሑድ መጠጣት በብዙ ከተሞች ይቻላል፤ ጠርሙሱን ገዝቶ ቤት መውሰድ ግን ክልክል ነበር። ጠጥቶ መኪና እየነዳ የሚመለሰውን ፈቅዶ ቤቱ ተቀምጦ ሊጠጣ ያሰበውን መከልከል ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው የሚለው የለውጥ ፈላጊዎቹ ዋና መከራከሪያ ነበር። መጠጥ የማይቀምሱት አገረ ገዥ ሶኒ ፐርዱ በሥልጣን ዘመናቸው ለውጡን ተቃውመው ቆዩ። ተተኪያቸው ናታን ዲል በ2011 ጸደይ ሕጉን ፈረሙ። ሕጉ ግን ሽያጩን ራሱ አልፈቀደም፤ ከተሞችና ካውንቲዎች ለሕዝበ ውሳኔ እንዲያቀርቡት ብቻ ፈቀደ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን፣ ከመቶ በላይ አካባቢዎች ድምፅ ሰጡ። አትላንታን ጨምሮ አብዛኞቹ «ይሸጥ» አሉ። ሰዓቱን ግን ግዛቱ ለራሱ አስቀረው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6:30 እስከ ምሽቱ 5:30። አብዛኛው ምእመን ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ከዚያ በፊት ነው።

አሁን ወደ ሱቁ ደብተር እንመለስ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው። አንድ ሊከር ስቶር በሳምንት ስድስት ቀን ሠርቶ 30 ሺሕ ዶላር ይሸጣል እንበል። ከእያንዳንዱ መቶ ዶላር 25 ዶላር ያልተጣራ ትርፍ ይቀረዋል። እሑድ ለ11 ሰዓት ለመክፈት የሁለት ሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራትና ጥበቃ ተደምሮ 350 ዶላር ይወጣል። ይህን ለመመለስ 1,400 ዶላር አዲስ ሽያጭ ያስፈልገዋል። «አዲስ» የሚለው ላይ ነው ጣጣው። እሑድ 4 ሺሕ ዶላር ቢሸጥ እንኳ ሦስት ሺሑ ቅዳሜ ይገዛ የነበረ ደንበኛ ቀኑን ቀይሮ ያመጣው ከሆነ፣ አዲሱ ሽያጭ አንድ ሺሕ ብቻ ነው። ትርፉ 250፣ ወጪው 350፤ ባለሱቁ ሰባተኛውን ቀን ሠርቶ 100 ዶላር ይከስራል።

ታዲያ ለምን አይዘጋም? ሁሉም ከዘጋ ማንም የሚጎዳ የለም። ጎረቤቱ ከፍቶ እሱ ከዘጋ ግን ቅዳሜ ይገዛ የነበረው ደንበኛ እሑድ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። የሁለት ሺሕ ዶላር ሽያጭ ቢያመልጠው 500 ዶላር ትርፍ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ 500 ከማጣት 100 መክሰር ይሻላል ብሎ ይከፍታል። ጎረቤቱም በተመሳሳይ ስሌት ይከፍታል። ሁለቱም እሑድን አጥተው፣ ሁለቱም ከስረው ያመሻሉ። ባለሱቆቹ ሕጉን የደገፉት ለዚህ ነው፤ በመሐላ ሊያስጠብቁት የማይችሉትን ስምምነት ሕጉ በነጻ ያስከብርላቸው ነበር። ባለቤቱ ራሱ ገንዘብ መቀበያው ላይ የሚቆም፣ ሚስቱና ልጆቹ የሚያግዙት ሱቅ ከሆነ ደግሞ ወጪው በደብተር ላይ አይታይም እንጂ የዕረፍት ቀኑ ራሱ ነው የሚከፈለው።

የሱፐርማርኬቱ ሒሳብ ሌላ ነው። እሑድ ድሮም ክፍት ነው። ካሸሯ አለች፣ መብራቱ በርቷል፣ ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው። በእገዳው ዘመን ደንበኛው ቢራውን ከመደርደሪያ አንሥቶ ቢመጣ እንኳ ሊሸጥለት አይችልም ነበር። እገዳው ሲነሣ ተጨማሪ ወጪው ኢምንት ነው፤ የሚጨምረው ሽያጭ ግን ሙሉ ትርፍ ይዞ ይመጣል። በጆርጂያ ሕግ ሱፐርማርኬት ቢራና ወይን ጠጅ እንጂ እንደ ውስኪ ያለ ጠንካራ መጠጥ አይሸጥም። ስለዚህ ለሊከር ስቶሮቹ የቀረችው መሸሸጊያ ጠንካራው መጠጥ ናት።

በሌላ ጉዳይ የማይስማሙ ወገኖች ለአንድ ሕግ የሚሰለፉበትን ይህን ሁኔታ አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ብሩስ ያንድል እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጽሑፍ የባፕቲስቶችና የሕገ ወጥ መጠጥ ሻጮች ኅብረት ብለውታል። አንዱ ለሕጉ የሞራል ሽፋን ይሰጣል፤ ሌላው በጸጥታ ጥቅሙን ያፍሳል። ጆርጂያ ውስጥ ሁለተኛውን ቦታ የያዘው ሕጋዊው ባለሱቅ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

የከተማው ምክር ቤትስ ምን ያሰላል? በመጀመሪያ ግብር። በጆርጂያ የአካባቢ አስተዳደሮች ከአንድ መደበኛ የቢራ ጣሳ 5 ሳንቲም ኤክሳይስ ታክስ ይሰበስባሉ፤ 24 ጣሳ የያዘ ካርቶን 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያስገባል ማለት ነው። በአንድ ካርቶን ሲያዩት ምንም አይደለም፤ በዓመት ሲደመር ግን ምክር ቤት የሚንቀው ገንዘብ አይደለም። ሆኖም ካርቶኑ ድሮም ቅዳሜ ይሸጥ ከነበረ ከተማው አዲስ ያገኘው ነገር የለም። ትርፉ እውነተኛ የሚሆነው ገዢው ከሌላ አካባቢ ሲመጣ ነው። የካውንቲ ሕዝበ ውሳኔ የሚሠራው ከከተማ ክልል ውጭ ባለው መሬት ላይ ስለሆነ፣ በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ሱቆች በተለያየ ሕግ ሊተዳደሩ ይችላሉ። «አይሸጥ» ያለ ከተማ ነዋሪዎቹን ከመጠጥ አይለያቸውም፤ መኪናቸውን አስነሥተው ግብራቸውን ጎረቤት ከተማ ይከፍላሉ። ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2017 የእሑድ ሽያጭ እስኪጀመርባት ድረስ፣ የድንበሯ ነዋሪዎች ወንዙን ተሻግረው ሃድሰን በምትባለው የዊስኮንሲን ከተማ ይገዙ ነበር።

በሌላ በኩል ወጪም አለ። ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1995 የእሑድ የችርቻሮ ሽያጭን ፈቀደች። በ2006 የታተመ ጥናት፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ከመጠጥ ጋር የተያያዘ የእሑድ የመኪና አደጋ በ29 በመቶ፣ ሰው የሞተበት ደግሞ በ42 በመቶ መጨመሩን አሳየ። በሕዝብ ድምፅ ክልከላውን ቶሎ የመለሱ አካባቢዎች ጉዳታቸው ያነሰ እንደነበርም ተከታዩ ጥናት ጠቆመ። ይህ መደምደሚያ ሁሉንም አላሳመነም፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን ተቃውመዋል፣ በሌሎች ግዛቶች ላይ የተደረገ ምርመራም ተመሳሳይ ውጤት አላገኘም። ቨርጂኒያ ግን ሌላ መረጃ ትሰጣለች። ጠንካራ መጠጥ የሚሸጠው በግዛቱ መንግሥት መደብሮች ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በተመረጡ ከተሞችና ካውንቲዎች እሑድ እንዲከፈቱ ተደረገ። ፖል ሂተን የተባሉ ተመራማሪ ቀላል ወንጀል በ5 በመቶ፣ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ከባድ ወንጀል በ10 በመቶ ገደማ መጨመሩን አገኙ። የወንጀሉ ጉዳት በገንዘብ ሲተመንም ግዛቱ ከተጨማሪው ሽያጭ ካገኘው ገቢ ጋር የሚቀራረብ ሆነ። በአንድ እጅ የገባው በሌላው ወጣ ማለት ነው።

የአካባቢ ሥልጣን ጥቅምና ጉድለት እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ኢኮኖሚስቱ ዋላስ ኦትስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የፊስካል ፌዴራሊዝም መጽሐፍ፣ ውሳኔ ወደ ሕዝቡ በቀረበ ቁጥር ፍላጎቱን የተሻለ ያሟላል ብለዋል፤ ውጤቱ ከአካባቢው ወሰን እስካልተሻገረ ድረስ። የአንድ ከተማ ሕዝብ እሑዱን በጸጥታ ማሳለፍ ከፈለገ መብቱ ነው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ሌላ ከተማ የተለየ ቢፈልግም እንዲሁ። ጠርሙሱ ግን በመኪና ይሄዳል። ግብሩን ጠርሙሱ የተሸጠበት ከተማ ይሰበስባል፤ አደጋው የሚደርሰው በሌላው አውራ ጎዳና፣ ቁስለኛው የሚታከመው በሦስተኛው ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ድምፅ የሰጠው ከተማ የሚያየው የራሱን የገቢ ሰንጠረዥ ብቻ ስለሆነ ለመፍቀድ ያዘነብላል። ጎረቤቱም ግብሩ ሲሸሽ እያየ ብዙ አይቆይም። ምርጫ የሚመስለው ነገር እሽቅድድም ይሆናል።

እሽቅድድሙን የሚያበርዱ መንገዶች አሉ። አንዱ ቀኑን ለከተማ፣ ሰዓቱን ለግዛት መተው ነው። ጆርጂያ ያደረገችው ይህን ነው። ሚኒሶታም ከረፋዱ 5 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ፈቅዳ፣ ጅምላ አከፋፋዮች እሑድ ዕቃ እንዳያደርሱ ከለከለች። ኢንዲያና እ.ኤ.አ. በ2018 ስትፈቅድ ከቀኑ 6 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ገደበችው። አጭር ሰዓት ገዢውን ብዙም አያጉላላም። ለትንሹ ባለሱቅ ግን ከላይ ያየነውን የ11 ሰዓት ወጪ ወደ 7 ወይም 8 ሰዓት ያወርድለታል፤ ኪሳራና ትርፍን የሚለየው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሁለተኛው መንገድ ተጎራባች አካባቢዎች በአንድ ቀን ድምፅ እንዲሰጡ ማድረግ ነው። የ2011ዱ የጆርጂያ ምርጫ በአብዛኛው በዚያ መልክ ስለተካሄደ፣ ቀድሞ ከፍቶ የጎረቤትን ደንበኛ የመንጠቅ ጥቅም አነስተኛ ነበር። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ያነሰ ትኩረት ያገኘው፣ ከእሑድ ሽያጭ የሚገኘውን ተጨማሪ ግብር ለአምቡላንስና ለመንገድ ደኅንነት መመደብ ነው።

በእኛም አገር ለንጽጽር የሚሆን ነገር አለ። የቢራ ኤክሳይስ ታክስ ከፋብሪካ ይሰበሰባል፤ የሰካራም ጠብ ግን የሚዳኘው በቀበሌና በወረዳ ነው። ገቢውና ጣጣው በተለያየ የመንግሥት እርከን ላይ ሲወድቁ፣ የሚወስነው አካል ሙሉውን ሒሳብ አያይም።

በአትላንታ ዙሪያ ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት ግልጽ ነው። እሑድ በሚቆጠረው ገንዘብ መደሰት በቂ አይደለም፤ ቅዳሜና ሰኞ ምን ያህል እንደቀነሰ አብሮ መታየት አለበት። ክርክሩም አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆርጂያ ሬስቶራንቶች እሑድ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምረው እንዲያስተናግዱ በር ከፈተች፤ ያም ቢሆን የአካባቢ ሕዝብ ድምፅ ሲሰጥበት ብቻ። አጀንዳው የሚወለደው በከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ነው፤ የሱፐርማርኬቶቹ ተወካዮች እዚያ ተቀምጠዋል። የትንሹ ባለሱቅ ወንበር ባዶ ከሆነ ሰዓቱ የሚቆረጠው በትልቁ ሒሳብ ነው።