በጡረታ ዘመን የት እንቀመጥ? ስለ አውስትራልያ አረጋውያን የመኖሪያ ምርጫ

ሰው በጕብዝናው ዘመን የሚኖርበትን ስፍራ ሥራው ይመርጥለታል። ወታደሩ ወደ ታዘዘበት፥ መምህሩ ወደ ተመደበበት፥ ነጋዴው ገበያ ወደሚያገኝበት ይሄዳል። ጡረታ በወጣ ጊዜ ግን ይህ ግዴታ ይቀርና «ከእንግዲህ የት እንቀመጥ?» የሚለው ጥያቄ በባልና በሚስት መካከል ይነሣል። በአገራችን ለዚህ ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌው ቤቱ ካለበት፥ ልጆቹ ከሚኖሩበት፥ ዕድሩ ካለበት አይርቅም። በአውስትራልያ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በዚያ አገር ብዙ ሰዎች ዕድሜያቸው ወደ 60 ሲጠጋ የሠሩበትን ከተማ ትተው ለሽምግልናቸው የሚሆን ሌላ ስፍራ ይፈልጋሉ።

ይህን ጉዳይ ለአንባብያን ለማቅረብ ያሰብንበት ምክንያት አለን። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ከአገራቸው ወጥተው አውስትራልያ የገቡ ኢትዮጵያውያን ዛሬ ጠጕራቸው ሸብቷል፤ ከእነርሱም ጡረታ የወጡ አሉ፥ ሊወጡ የተቃረቡም አሉ። በዚያ ያሉ ልጆቻቸውም፥ በዚህ ያሉ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸውም ስለዚሁ ምክር ይጠየቃሉ። ምክር የሚሰጥ ሰው ደግሞ የአገሩን ሕግና ጠባይ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የጡረታው ሥርዓት

አውስትራልያ ለአረጋውያን የመንግሥት ጡረታ የሚሰጥ ሕግ ያወጣችው በ1908 ነው፤ ክፍያውም በ1909 ተጀመረ። ዛሬ ይህን አበል ለማግኘት 67 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ደግሞም አመልካቹ በጠቅላላው ቢያንስ 10 ዓመት የአገሩ ነዋሪ ሆኖ እንዲቈይ፥ ከዚህም ውስጥ 5ቱ ዓመት ያልተቋረጠ እንዲሆን ሕጉ በደንበኛው ይጠይቃል። ከዚህ ሌላ ከ1992 ጀምሮ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው ሱፐራኑዌሽን የሚባለውን የጡረታ ቁጠባ እንዲከፍሉ ተገደዋል፤ መጠኑም ከጁላይ 2025 ጀምሮ ከደመወዝ 12 በመቶ ሆኗል።

የመንግሥቱ አበል ገቢና ንብረት ተመዝኖ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ሰው የሚኖርበት የራሱ ቤት ከንብረቱ ጋር አይቈጠርም። ይህ ትንሽ የሚመስል ድንጋጌ የብዙ አረጋውያንን ኑሮ ይወስናል። በሲድኒ ውድ ቤት ያለው ጡረተኛ ቤቱን ሸጦ በረከሰ ከተማ ሌላ ቢገዛ፥ ሌላ ቤት ለመግዛት ያስቀመጠው ገንዘብ እስከ 24 ወር ድረስ ከንብረት ሳይቈጠር ሊቈይ ይችላል፤ ከግዢው የተረፈው ገንዘብ ግን ንብረት ይባላልና አበሉ ሊቀነስበት ይችላል። በዚህም ላይ ቤት ለሚገዛ ሰው በየክፍለ ግዛቱ የሚከፈል የቴምብር ቀረጥ አለ። ስለዚህ ቤት መለወጥ ትርፍ ብቻ የሚመስለው ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ላልሠራ ሰው ነው። በአንጻሩ ደግሞ የአበሉ ልክ በአገሩ ሁሉ አንድ ስለ ሆነ፥ ቤትና ኪራይ በረከሰበት ስፍራ ያው ገንዘብ ይበረክታል። ሰዎች ከታላላቆቹ ከተሞች የሚወጡበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

የባሕር ጠረፍ ከተሞች

ሁለተኛው ምክንያት ባሕሩ ነው። ከአድሌይድ ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ቪክተር ሃርበር፥ ከሲድኒ በስተ ሰሜን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ፖርት ማኳሪ፥ በኵዊንስላንድ ያለችው ሃርቪ ቤይ፥ ከፐርዝ በስተ ደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለችው ማንዱራ በጡረተኞች ብዛት የታወቁ ናቸው። አሸዋው ንጹሕ፥ ነፋሱ ቀዝቃዛ፥ ዓሣ ማጥመጃው ቅርብ ነው። በሃርቪ ቤይም ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ድረስ ዓሣ ነባሪዎች ከግልገሎቻቸው ጋር ሲያርፉ ይታያሉ። ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ሄዶ ይህን ያየ ሰው «ሽምግልናዬን እዚህ ባደረግሁ» ቢል አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ሳምንት የሚያርፉበት ስፍራና 20 ዓመት የሚኖሩበት ስፍራ አንድ አይደለም። በዚህ ምክንያት ከመወሰን በፊት ሊመረመሩ የሚገቡ አራት ነገሮችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አየሩና አደጋው

አስቀድሞ የሚመረመረው አየሩ ነው። አገሩ ከምድር ወገብ በታች ስለ ሆነ ወቅቱ የአውሮፓ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዲሴምበርና ጃንዋሪ የሙቀት፥ ጁንና ጁላይ የብርድ ወራት ናቸው። በሙቀቱ ወራት ከተማውን አይቶ የወደደ ሰው ያንኑ ከተማ በብርዱ ወራት፥ እንግዶቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ሊያየው ይገባል። ወደ ሰሜን ለሚሄድም ደረቅ ሙቀት ሳይሆን ወበቅ ነው የሚጠብቀው፤ ይህም ልባቸው ለደከመ ሰዎች ከባድ ነው።

ከአየሩ ጋር አደጋውም ይታሰብ። በዲሴምበር 1974፥ በምዕራባውያን የልደት በዓል ሌሊት፥ ትሬሲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የዳርዊንን ከተማ አብዛኛውን ቤት አፈረሰ። በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 በቪክቶሪያ የተነሣው የዱር እሳት 173 ሰዎችን ገደለ። በዲሴምበር 31 ቀን 2019 ማላኩታ የምትባለው የባሕር ጠረፍ ከተማ በእሳት ተከብባ ሕዝቡ ወደ ውኃው ዳር ሸሸ፤ መንገዱም ስለ ተዘጋ ብዙዎች በባሕር ኀይል መርከብ ወጡ። በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ በሊዝሞር ወንዙ ከ14 ሜትር በላይ ሞልቶ ሰዎች በቤታቸው ጣራ ላይ ነፍስ አድን ጀልባ ጠበቁ። እንዲህ ባሉ ስፍራዎች የቤት ኢንሹራንስ ዋጋው እጅግ ውድ ነው። እንግዲህ ቤት በርካሽ ሲሸጥ ያገኘ ሽማግሌ «ምን ያህል ነው?» ከማለቱ በፊት «ለምን ረከሰ?» ብሎ ይጠይቅ።

ሐኪምና መንገድ

ሁለተኛው ሕክምና ነው። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የሕክምና ዋስትና ከፌብሩዋሪ 1984 ጀምሮ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች በመንግሥት ሆስፒታል ያለ ክፍያ እንዲታከሙ አድርጓል። ነገር ግን ካርዱ በየስፍራው ቢያገለግልም ሐኪሙ በየስፍራው አይገኝም። አገሩ እጅግ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ በ1928 ክሎንከሪ በምትባል የኵዊንስላንድ ከተማ በአይሮፕላን የሚሄድ የሐኪሞች አገልግሎት ተመሠረተ፤ እስከ ዛሬም ሩቅ ላሉት ይደርስላቸዋል። በትንንሽ ከተሞች ያሉ አንዳንድ ክሊኒኮች ደግሞ ሕመምተኛ ስለ በዛባቸው አዲስ ሰው አይቀበሉም። ስለዚህ ቤት ከመምረጥ በፊት ሐኪም ማግኘት ይሻላል። ኵላሊቱን ለማሳጠብ በሳምንት 3 ጊዜ ሆስፒታል የሚመላለስ ሰው ከባሕሩ ይልቅ ለሆስፒታሉ ቅርብ ቢሆን ይጠቅመዋል።

ከሕክምናው ጋር የተያያዘው መንገድ ነው። በ60 ዓመት ዕድሜ መኪና መንዳት እንደ መራመድ ይቈጠራል፤ በ80 ግን እንዲያ አይደለም። በኒው ሳውዝ ዌልስ 75 ዓመት የሞላው ሰው መንጃ ፈቃዱን ይዞ ለመቈየት በየዓመቱ የሐኪም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ከ85 ወዲያ ደግሞ ወይ የመንዳት ፈተና ይፈተናል፥ ወይ በተወሰነ ክልል ብቻ የሚያስነዳ ፈቃድ ይወስዳል። በዚህ ረገድ ከተሞቹ እኩል አይደሉም። ማንዱራ ከ2007 ጀምሮ ከፐርዝ ጋር በባቡር ተገናኝታለች፤ ለፖርት ማኳሪ ግን የሚቀርበው የባቡር ጣቢያ ዎኮፕ ላይ፥ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል።

ሰውና ጎረቤት

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ሰው ነው። ባልና ሚስት ለሁለት ብለው የመረጡትን ስፍራ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን የሚኖርበት ቀን ይመጣል። ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ባልየው 66፥ ሚስትየዋ 63 ዓመት ሳሉ የሜልቦርን ቤታቸውን ሸጠው ከባሕር በላይ ባለ ኮረብታ ቤት ገዙ እንበል። እርሱ ይነዳል፥ እርሷ አትነዳም። ገበያው 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ልጆቻቸው በመኪና የ5 ሰዓት መንገድ ላይ ናቸው። ከ9 ዓመት በኋላ እርሱ ቢሞት፥ እርሷ በ72 ዓመቷ ባሕሩን እያየች ዳቦ የሚያመጣላት ሰው ታጣለች። ወደ ሜልቦርን እንዳትመለስ ደግሞ በነዚያ ዓመታት የከተማው ቤት ዋጋ ጨምሮ ቈይቶ የትናንቱ ቤት መሸጫ የዛሬውን ግማሽ ቤት አይገዛላትም።

እንዲህ ያለው ነገር የሚያጋጥመው ስፍራው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ምርጫው ለሁለት ጤነኞች ብቻ ስለ ታሰበ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት «አንተ ባትኖር እኔ እዚህ እኖራለሁን? እኔስ ባልኖር አንተ?» ተባብለው ሳይተፋፈሩ ሊነጋገሩ ይገባል። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብለዋል፤ ይሁን እንጂ ጎረቤትም የሚሆነው ከዓመታት መተዋወቅ በኋላ ነውና በ60 ዓመት የሄደ ሰው ወዳጅ ለማፍራት ጊዜ አለው፥ በ80 የሄደ ግን ጊዜው ያጥረዋል።

የቤቱ ውል

አራተኛው የሚገቡበት ቤት ዐይነት ነው። በአውስትራልያ የጡረተኞች መንደር የሚባሉ፥ በአንድ ቅጥር ውስጥ የተሠሩ ቤቶች አሉ። አትክልቱን የሚኰተኵት፥ ጣራውን የሚጠግን ሠራተኛ አለ፤ ጎረቤትም አይጠፋም። ለብዙዎች ይህ መልካም ማረፊያ ሆኗል። ነገር ግን በአብዛኛው የሚከፈለው ገንዘብ የመኖር መብት የሚያስገኝ እንጂ እንደ ተራ ግዢ አይደለም፤ ሲወጡም መንደሩ የሚያስቀረው ክፍያ አለ። ለምሳሌ ውሉ «በየዓመቱ 5 በመቶ፥ እስከ 30 በመቶ ድረስ» ቢል፥ 500,000 ዶላር ከፍሎ የገባ ሰው ከ6 ዓመት በኋላ ሲወጣ 150,000 ዶላር ይቀርበታል። በዚህ ላይ በየወሩ የሚከፈል መዋጮ አለ። ሕጉም በየክፍለ ግዛቱ ይለያያልና ውሉን ከመፈረም በፊት ከሻጩ ጋር ጥቅም ለሌለው ጠበቃ ማሳየት የግድ ነው።

የጡረተኞች መንደርና የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አንድ እንዳልሆኑም ማወቅ ያሻል። መንደሩ ራሱን ለሚችል፥ መጦሪያው ራሱን ላልቻለ ነው። በ2018 የተቋቋመው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን በ2021 ባቀረበው ዘገባ በአረጋውያን አያያዝ ረገድ ብዙ ጕድለት መኖሩን ገልጦ ነበር፤ ከዚያም የተነሣ አዲስ ሕግ ወጥቶ ከኖቬምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሰው በቤቱ እንዳለ እርዳታ የሚያገኝበትም ሥርዓት በዚሁ ጊዜ ተሻሽሏል። ሆኖም እርዳታው ተመርምሮና ተራ ተጠብቆ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ጕልበት ሳይደክም ማመልከት ይበጃል።

የእኛ ሰዎች ጉዳይ

ለኢትዮጵያውያን ከዚህ ሁሉ ሌላ የሚታሰብ አለ። በሜልቦርን ምዕራብ ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር እንጀራ የሚጋገርባቸው፥ ቡና የሚፈላባቸው፥ አማርኛ የሚነገርባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ በከተማይቱም ቅዳሴ የሚሰማባቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በረከሰ ዋጋ ቤት ለማግኘት 300 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ እንደሚሄድ ይወቀው። የመርሳት ሕመም የያዛቸው ስደተኞች ብዙ ጊዜ በኋላ የተማሩትን እንግሊዝኛ አስቀድመው ይረሱና ወደ እናታቸው ቋንቋ ይመለሳሉ። በዚያን ጊዜ «ውኃ ጠማኝ» ሲሉ የሚሰማ ሰው በአጠገባቸው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ አገር ቤት ተመልሶ ለመኖር የሚመኙም ብዙዎች ናቸው። ምኞቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ሒሳቡ ግን ይታወቅ። አበሉን ለማመልከት በመሠረቱ በአውስትራልያ ነዋሪ ሆኖ በዚያው መገኘት ያስፈልጋል። አበል የሚቀበል ሰው ከአገሩ ወጥቶ ከ26 ሳምንት በላይ ሲቈይ፥ ከ16 ዓመቱ እስከ ጡረታ ዕድሜው ድረስ በአውስትራልያ የኖረባቸው ዓመታት ይቈጠራሉ፤ 35 ዓመት ካልሞላ አበሉ በዚያው ልክ ይቀነሳል። በ42 ዓመቱ ገብቶ እስከ 67 የኖረ ሰው 25 ዓመት ስላለው ከ7 እጅ 5ቱን እጅ ያህል ያገኛል ማለት ነው። ሜዲኬርም በውጭ አገር ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ አንዳንዶች ቤታቸውን ሳይሸጡ ከ26 ሳምንት ያላለፈ ጊዜ በኢትዮጵያ ተቀምጠው መመለስን ይመርጣሉ።

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ መሞከር ነው። በአሰቡት ስፍራ ቤት ከመግዛት በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ተከራይቶ መኖር፥ ሙቀቱንም ብርዱንም ማየት፥ መኪናውን አቁሞ ለአንድ ወር ያህል በእግርና በአውቶቡስ ብቻ ገበያና ሐኪም ቤት መመላለስ ይጠቅማል። የቀድሞውን ቤት እስከዚያ አለመሸጥ ነው፤ የተከራየ ይመለሳል፥ የሸጠ ግን መመለሻው ይከብደዋል። ልጆችም ወላጆቻቸው ከወሰኑ በኋላ ከማዘን፥ ከመወሰናቸው በፊት በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው «ስትታመሙ ማን ይደርስላችኋል? እኛስ በስንት ሰዓት እንደርሳለን?» ብለው ይጠይቋቸው። ይህ ጥያቄ የሚጠየቅበት ጊዜ ሁለቱም ወላጆች በሕይወትና በጤና ሳሉ ነው።