ያውቁ ኖሯል? ነፍስ ማጥፋት በእኛ ሕግ

ሰው በሰው እጅ ሞተ እንበል። ጥፋተኛ የተባለውን ምን ይጠብቀዋል? ከ2,000 ብር መቀጮ ጀምሮ እስከ ሞት ፍርድ ድረስ ሊሆን ይችላል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕጋችን አብዝቶ የሚጠይቀው «ምን አስቦ ነው?» እያለ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሲኒማ ላይ የምናየው ጁሪ እኛ ጋ የለም። ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑንም ሆነ ቅጣቱን የሚወስኑት ዳኞች ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? አስቦ የሚፈጸም ግድያ ሦስት ቦታ ይከፈላል። አስቀድሞ አቅዶ፣ በጭካኔ፣ በቡድን ተደራጅቶ ወይም ሌላ ወንጀል ለመሸፈን የገደለ በአንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይጠብቀዋል። ይህ ሁሉ ሳይኖር የገደለ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት አለበት። ሦስተኛው የብዙ ጠበቆች ምኞት የሆነው አንቀጽ 541 ነው፤ ከባድ ነገር ተነክቶ፣ ደሙ ፈልቶ እዚያው የገደለ ወይም ራሱን ሲከላከል ልክ ያለፈ ቢበዛ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይቀጣል። ጠላ ቤት ተሰድቦ፣ ቤቱ ሄዶ፣ ጠመንጃ ይዞ መንገድ ላይ ያደፈጠ ሰው ግን «ተናድጄ ነው» ቢል የሚሰማው ዳኛ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ።

ያውቁ ኖሯል? የዕድሜ ልክ ፍርደኛ እስር ላይ እያለ በአንቀጽ 539 በተዘረዘሩት ከባድ ሁኔታዎች ሰው ከገደለ ሕጉ ያስቀመጠለት ቅጣት ሞት ብቻ ነው።

ያውቁ ኖሯል? «ሳላስበው ነው» ማለት ከቅጣት አያድንም። ሾፌሮች፣ ይህችን ልብ በሉ። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ይታሰራል ወይም መቀጮ ይከፍላል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት፣ እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ ያለው፣ እስከ 5 ዓመት ይደርስበታል። ጠጥቶ የነዳ፣ ደንቡን እያወቀ የጣሰ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ገጭቶ፣ ቁስለኛውን አስፋልት ላይ ጥሎ መፈርጠጥ ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ነው።

ያውቁ ኖሯል? ጎረቤቱን በመተት ለመግደል ዶሮ ያረደ ሰው በግድያ ሙከራ አይቀጣም። በአጉል እምነት ተነሥቶ በባሕርይው ማንንም ሊጎዳ በማይችል ዘዴ የሞከረን ሰው አንቀጽ 29 በነፃ ያልፈዋል። ዶሮው ውስጥ መርዝ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው የዋስትና መብት በተጎጂው ነፍስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በቢላዋ የተወጋው ሰው ሆስፒታል ተኝቶ የመሞት ዕድል ካለው ተጠርጣሪው በዋስ አይወጣም። ስለዚህ ፖሊስ ከሐኪም የሚያመጣትን ወረቀት ሁለቱም ቤተሰብ በጭንቀት ይጠብቃታል።

ያውቁ ኖሯል? ሽማግሌ ገብቶ ደም ቢያደርቅ፣ ካሳ ተከፍሎ ቤተሰብ ለቤተሰብ ቢታረቅም ክሱ አይቋረጥም። ነፍስ ማጥፋት በግል አቤቱታ የሚነሣ ክስ ስላልሆነ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። ዕርቁና ካሳው ፍርዱን ሊያቀልሉ ግን ይችላሉ።

ያውቁ ኖሯል? የሞት ፍርድ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም፤ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ባልሞላው ላይም አይፈረድም። በአደባባይ መስቀልም በሕጉ ተከልክሏል። በ1993 ዓ.ም. የደኅንነት ኃላፊውን አቶ ክንፈ ገብረ መድኅንን የገደለው ሻለቃ የሞት ፍርዱ የተፈጸመበት ከስድስት ዓመት በኋላ በ1999 ዓ.ም. ነው።